ሳልቆጥር ንቅንቅ የለም

በዚህ ዓለም ላይ ያለ ክፍል ሁሉ አንድ ቆጣሪ አለው። ክፍሉ የጎበዞች ይሁን የሰነፎች፣ የጨዋ ይሁን የረባሽ፣ ቆጣሪ ሳይኖረው አይቀርም። ሌላው ባሕሩን ሲያይ እሱ ጭንቅላት ይቆጥራል። ሌላው ሲዘፍን እሱ ጣቱን እያነሳና እያጠፈ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል የሾፌሩን ትከሻ ነካ አድርጎ «አንዴ» የሚለው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ይሰለቸዋል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ እሱ እስኪጨርስ ይጠብቃል።

የእኛ ቆጣሪ ክብርት የክፍል አለቃ ራዶስቲና ነበረች፤ መጀመሪያ የስምንተኛ ለ፣ ቀጥሎ የዘጠነኛ ለ፣ እያለ እያለ እስከ አሥራ ሁለተኛ ለ ድረስ የሃያ ስድስት ነፍስ ጠባቂ። ቀጭን ናት፤ አንገቷ ረጅም ነው። የረዘመው ከኋላ የተቀመጡትን ለማየት ስትንጠራራ ነው እንላት ነበር። ፕላመን ደግሞ ስትወለድ አዋላጆቹን ቆጥራ አንዷ ሻይ ልትጠጣ ወጥታ ስለነበር ነው ያለቀሰችው ይላል። ፕላመን ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ የሚኖር የሕንፃችን ልጅ ነው። ከዚህ ወሬ ግማሹን በደረጃ ላይ ቆሞ የነገረኝ እሱ ነው፤ ግማሹ ሲሆን እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ነገሩ የጀመረው በስምንተኛ ክፍል የመጀመሪያ ቀን ነው። የክፍል ኃላፊያችን ወይዘሮ ቫልቼቫ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ስማችንን በአባት ስም ፊደል ቅደም ተከተል አስቀመጠችና ለእያንዳንዳችን ቁጥር ሰጠችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈተና ወረቀት ላይ ቁጥር፣ የጽዳት ተራ ቁጥር፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ቁጥር። እኔ ሚሬላ አሥራ ሰባት ሆንኩ። ፕላመን አሥራ ስምንት፣ ፔትኮ አሥራ ዘጠኝ፣ ራዶስቲና ሃያ። መጨረሻው ያቮር፣ ሃያ ስድስት። ራዶስቲና የዚያኑ ቀን ዝርዝሩን ጠንካራ ሽፋን ባለው ሰማያዊ ደብተር ገለበጠችው። በማግስቱ ወደ ሙዚየም ልንሄድ በር ላይ ስንጋፋ ከፊታችን ቆመች።

«ሳልቆጥር ንቅንቅ የለም።»

ማንም አልመረጣትም ነበር። እንደዚያ ብላ አለቃ ሆነች።

አቆጣጠሯ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን ቁጥር ይጠራል። ሁሉም ከጠራ በኋላ ደግሞ ክብርት አለቃ በሰው አፍ ስለማታምን እየዞረች ትከሻ ትከሻችንን እየነካች ትደግመዋለች። ሁለቱ ድምር እኩል ካልመጣ እንደ አዲስ ይጀመራል።

በዘጠነኛ ክፍል ወደ ሶፊያ ስንሄድ ባቡሩ መዝድራ ጣቢያ ላይ ትንሽ ቆመ። ያቮር ደግሞ ትኩስ ባኒፃ፣ አይብ የገባበት ቂጣ፣ የሚሸጥበት ጣቢያ ላይ አርፎ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነው። የአይቡ ሽታ ሲመጣ ወረደ። ፊሽካ ተነፋ፤ ያቮር የለም። ራዶስቲና አንድ እግሯን የባቡሩ ደረጃ ላይ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ቆመች።

«ልጄ፣ ወይ ግቢ ወይ ውረጂ» አላት ትኬት ተቆጣጣሪው።

«ሃያ አምስት ነን።»

«ሃያ አምስት መች አነሰ?»

«ሃያ ስድስት ነን።»

«እና አንዱን እኔ ከየት ላምጣልሽ?»

«እሱ ይመጣል። እርስዎ ብቻ አይሂዱ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኖ ነበር። ያቮር አገጩ ላይ ፍርፋሪ ይዞ እየሮጠ መጣ። አልተቆጣችውም። «ቁጥር» አለችው፤ «ሃያ ስድስት» አላት፤ ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ ሶፊያ እስክንደርስ አልወጣችም። ስትጨነቅ ሆዷን ያማታል።

በአሥረኛ ክፍል የባሰ መጣ። ዋሻ ልናይ ገብተን አስጎብኚው ጨለማው እንዴት እንደሚከብድ ላሳያችሁ ብሎ መብራቱን አጠፋ። እኛ ገና አፋችንን ሳንከፍት ከጨለማው ውስጥ «ቁጥር» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ሃያ ስድስት ላይ ደረስን። ይሄኔ ከሌላ ቡድን የነበረ አንድ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ለቀልድ «ሃያ ሰባት» አለ። እኛ በሳቅ ሞትን። መብራቱ ሲበራ ክብርት አለቃ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ሽማግሌው መጥቶ «እኔ ነኝ ልጄ፣ ስቀልድ ነው» እስኪላት ድረስ ማንንም አላስወጣችም።

«አሁን ምን ያስደነግጣል? አልጎደለብሽ፣ እንዲያውም ተረፈልሽ» አላት ፕላመን።

«የጎደለን እፈልገዋለሁ» አለችው። «የተረፈን ምን አደርገዋለሁ?»

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ አረገዝኩ።

ይህን በአንድ መስመር የጻፍኩት ያኔም በአንድ መስመር ስለሆነ ነው። የልጁ አባት ጋሊን ዱቄት ፋብሪካ ሥራ ገባ፤ እኔ ሆዴ ሲገፋ በየካቲት ክፍል መግባት አቆምኩ። ትምህርት ቤቱ አላባረረኝም፤ ቤት ሆኜ እያጠናሁ ለብቻዬ እንድፈተን አዛወረኝ። እንግዲህ በወረቀት የአሥራ አንደኛ ለ ተማሪ አይደለሁም ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የክፍል ጓደኞቼ ይመጡ ነበር። አንዳንዶቹ አብረውኝ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ሆዴን ላለማየት ግድግዳውን ሲያዩ ቆይተው ሄዱ። አንድ ቅዳሜ ራዶስቲና መጣች። እናቴ ናት የከፈተችላት።

«እትዬ ኔዳ፣ ሚሬላ አለች?»

«አለች እንጂ። ይሄን ሆድ ይዛ ወዴት ትሄዳለች።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሰማያዊ ደብተሯን ከፈተች።

«መቼ ነው የምትወልጂው?»

«ግንቦት መጨረሻ ይላሉ።»

«ከሒሳብ ፈተና በፊት ነው በኋላ?»

«ራዳ፣ ልጅ እኮ ነው። በፕሮግራም አይመጣም።»

«ግምቱን ነው የጠየቅሁሽ።»

ያን ሰሞን ነገር ሁሉ ያስፈራኝ ነበር፤ ምጡ፣ ፈተናው፣ ገበያ ስወጣ የሚዞረው ዓይን። ከሁሉ ይልቅ ግን፣ ለማንም ሳልናገረው፣ አምስት ዓመት አብሬያቸው ልጨርስ ከነበሩት ልጆች ተለይቼ እንደሌለሁ መቆጠሩ ነበር የሚያባንነኝ። ሰው የሚፈራውን ነገር ቶሎ ሆኖ እንዲያልፍለት ይፈልጋል መሰለኝ፤ «ሰርዢኝ» አልኳት። «እኔ ከእናንተ ወጥቻለሁ። ሰርዢኝና ይውጣልሽ።»

እስክሪብቶዋን አየችው።

«ስረዛ በቀይ ነው። የያዝኩት ሰማያዊ ነው» አለችና ደብተሯን ዘግታ ሄደች።

ልጄ ስቪለን በግንቦት መጨረሻ፣ ከሒሳብ ፈተና ሦስት ቀን በኋላ ተወለደ። ምጥ ክፍል ሆኜ ትዝ ያለኝ ነገር ቢኖር «ራዳ፣ ከፈተናው በኋላ ሆነ» የሚል ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጀመር አዲስ መዝገብ ወጣ። ሃያ አምስት ስም። ከእኔ በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ወረዱ፤ ፕላመን አሥራ ሰባት፣ ፔትኮ አሥራ ስምንት፣ ራዶስቲና አሥራ ዘጠኝ። ወይዘሮ ቫልቼቫ አዲሱን ቁጥር አንብባ ስትጨርስ ክብርት አለቃ ለክፍሉ በሹክሹክታ አንድ ትእዛዝ አስተላለፈች፤ «ማንም ሰው ቁጥሩን እንዳይቀይር።»

ሰው ደግሞ የለመደውን ነገር ተው ሲሉት ይከብደዋል እንጂ አትተው ሲሉት ደስ ይለዋል። የመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ላይ ሁሉም የድሮ ቁጥሩን ጻፈ። ወይዘሮ ቫልቼቫ ስም አታይም፤ ቁጥሩን እያየች መዝገቡ ላይ ታሰፍራለች። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት የፔትኮ ነበር፤ ፔትኮና ፊዚክስ ደግሞ ተዋውቀው አያውቁም። እንዲህ ሆኖ በሕይወቷ ከስድስት፣ ከትልቁ ውጤት፣ በታች አይታ የማታውቀው ራዶስቲና ሁለት አገኘች፤ ሁለት ደግሞ መውደቂያ ነው።

ፕላመን ይህን ሲነግረኝ የደረጃውን ብረት ይዞ ትን እስኪለው ይስቅ ነበር። እኔ ግን ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አቋረጥኩት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቲቸር ጠራቻት። ‹አዲሱን ቁጥርሽን ጻፊ፣ እኔም አስተካክልልሻለሁ› አለቻት። አለቃ እንቢ።»

«እንዴት እንቢ?»

«‹ቲቸር፣ አሥራ ዘጠኝ ፔትኮ ነው፤ እኔ ሃያ ነኝ› አለች። ቲቸር ‹ሚሬላ እኮ በወረቀት እዚህ ክፍል የለችም› አለቻት። አለቃ ደብተሯን አወጣችና ‹ይሄም ወረቀት ነው› አለቻት።»

ሁለቱ በክፍሉ ሰው ፊት ተፋጠው ቆሙ አለኝ። ያቺ ሁለት ካልተስተካከለች የራዶስቲና የምረቃ ውጤት ይበላሻል፤ ሐኪም ልትሆን የምታስበው ነገር ሁሉ ይናዳል። ይህን እሷም ታውቃለች። ሁለት ሳምንት ያቺን ውጤት ተሸክማ ዞረች። በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ቫልቼቫ እርሳስ አነሳች፤ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት መካከል አንዲት ቀጭን ባዶ መስመር አሰመረች፤ ሌሎቹንም በእርሳስ ወደ ድሮ ቁጥራቸው መለሰች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ያቺም ሁለት ወደ ባለቤቷ ወደ ፔትኮ ተመለሰች። ፔትኮ ብቻ ነው ቅር ያለው።

በጥቅምት ለጉብኝት ወጡ። እኔ ያን ቀን ልጄ ጥርስ ሊያወጣ ትኩሳት ይዞት ነበር። ማታ ፕላመን በራችንን አንኳኳና ከቦርሳው አንድ የተጨማደደ ፖም አወጣ። «ያንቺ ድርሻ ነው። አለቃ በሃያ ስድስት ነው ያካፈለችው።»

«ቆጠረቻችሁ?»

«ታዲያ። አሥራ ስድስት ተባለ፤ ከዚያ ፀጥ። እኔ አሥራ ስምንት ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ። ከዚያ ራሷ ምን አለች መሰለሽ? ‹አሥራ ሰባት ቤት ናት፣ ጡት እያጠባች።› እንደዚያ ብላ ምልክት አደረገች።»

ፊቴ ጋለ። ሰው በተሰበሰበበት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሾፌሩ እየሰማ።

«ሳቁ?»

«መጀመሪያ ሳቁ» አለ ፕላመን፤ ጫማውን እያየ። «ምሳ ላይ ስትደግመው ማንም አልሳቀም። ስንመለስ እሷ እስክትል አልጠበቅናትም፤ እኛው ነን ያልነው።»

ፖሙን ለልጄ ፍቄ አበላሁት። በግንቦት አብሬያቸው እንደማልመረቅ፣ እንደማልቆም አውቃለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ግንቦት ደረሰ። የመጨረሻው ደወል ተደወለ፤ የመንግሥት ፈተናውን እኔም በሌላ ክፍል ተቀምጬ ተፈተንኩ፤ ውጤቱ ገና ነው። የምረቃው ግብዣ ቀን ተቆረጠ። በእኛ ከተማ የዚያን ቀን ተመራቂዎቹ ወደ ግብዣው ከመግባታቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይሰበሰባሉ፤ ከተማው ሁሉ ቀሚስና ከረባት ሊያይ ዳር ዳሩን ይቆማል፤ መኪናዎች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ልጆቹ ለተማሩበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ቁጥር እየጠሩ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ይጮኻሉ። ከሁለት ቀን በፊት ፕላመን አንዲት ብጣሽ ወረቀት አመጣልኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፤ «17፦ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደጃፉ ላይ። አትዘግዪ።»

ግብዣ ነው ትእዛዝ? ሁለት ቀን ሙሉ ሳገላብጠው ዋልኩ። ቀሚስ የለኝም። ቢኖረኝም ጡቴ ይፈስብኛል። ዝርዝሩ ላይ የለሁም፤ ርዕሰ መምህሩ ዝርዝሩን ይዞ በር ላይ ቆሞ «አንቺ የማን ነሽ?» ቢለኝስ? ሰው ሁሉ እያየ? እናቴ ልብስ እያጠፈች ታየኛለች።

«ሄደሽ ከሰው ጋር ቁሚ» አለችኝ በመጨረሻ። «ማየት አይከለከልም። ብቻ ልጁን ፀሐይ እንዳይመታው።»

ደህናዋን ሰማያዊ ሸሚዜን ለብሼ፣ ስቪለንን ታቅፌ ሄድኩ። አንድ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶታል፤ ከብዷል። ከዛፎቹ ሥር፣ ከአሮጊቶቹ ኋላ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ ሁሉን አያለሁ፤ ማንም አያየኝም። አሥራ ሁለተኛ ሀ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ጮኹ፣ ጡሩምባው ቀለጠ፣ ገቡ። ቀጥሎ የእኛዎቹ። ያቮር ከረባት አሥሯል። ፔትኮ ፀጉሩን ተላጭቷል። ክብርት አለቃ ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ክንዳቸው ላይ የምታብረቀርቅ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለዋል፣ እሷ ሰማያዊ ደብተሯን ይዛለች።

ርዕሰ መምህሩ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። «በሉ ልጆች፣ አሥራ ሁለታችሁን ጩኹና እንግባ።»

«ሳልቆጥር ንቅንቅ የለም» አለች ራዶስቲና።

አንድ፣ አለች አደሊና። ሁለት። ሦስት። ሰዉ ከአሥራ ሁለት በኋላ ያበቃል ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እነሱ አሥራ ሦስት አሉ። ጭብጨባው ግራ ተጋብቶ ቆመ። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት።

ፀጥ።

አሁን «ቤት ናት» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እንድትልም ፈለግሁ፤ ብላኝ በዚያው ዘወር ብዬ ልሄድ። እሷ ግን ዓይኗን ደብተሯ ላይ ተክላ ዝም አለች። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ሌሎቹም ዝም። ከጥቅምት ጀምሮ ስለ እኔ ሲመልሱልኝ የኖሩት ልጆች አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ተራ እየጠበቅን ነው» አለ ፕላመን። «ቶሎ በሉ እንጂ፣ እኔ አሥራ ስምንትን ይዤ ሊያንቀኝ ነው።»

ከፊቴ ያሉት አሮጊቶች ተንሾካሾኩ። «ማነው የቀረው?» «የሞተ ልጅ አላቸው እንዴ?» ይህን ስሰማ ብርድ ብርድ አለኝ። ስቪለን የሸሚዜን ቁልፍ እየጎተተ ነው። ወይዘሮ ቫልቼቫ እንኳ ርዕሰ መምህሩን ክንዱን ያዝ አድርጋ ቆመች፤ እሷም ትጠብቃለች። ራዶስቲና መዝድራ ጣቢያ ላይ ትዝ አለችኝ፤ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ። እሱ ይመጣል፣ እርስዎ ብቻ አይሂዱ።

«አሥራ ሰባት» አልኩ።

«አልሰማሁም» አለች ራዶስቲና፣ ቀና ሳትል።

«አሥራ ሰባት።»

አሮጊቶቹ ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ መንገድ ለቀቁ። «አሥራ ስምንት» አለ ፕላመን፣ ውኃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው። አሥራ ዘጠኝ። ሃያን ራሷ ራዶስቲና ስትል ድምጿ ተሰበረ። ያቮር ሃያ ስድስት እስኪል ድረስ ከመካከላቸው ገብቼ ቆሜያለሁ፤ እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

ቀጥሎ የለመደችውን ትከሻ መንካት ጀመረች። ከአደሊና ተነስታ እየዞረች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መጣች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ትከሻዬን ነካች፤ ልጄም እጁን ሲዘረጋላት በልማድ ጭንቅላቱን ነካችው። መጨረሻው ላይ ደረሰች፣ ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች። እንደገና ቆመች። ፊቷ ያን የዋሻውን ቀን የመሰለ አመድ ለበሰ።

«ሃያ ሰባት» አለች።

ሁሉም ወደ ስቪለን ዞረ። ስቪለን የደብተሯን ጥግ ይዞ ወደ አፉ እየወሰደ ነበር። የተረፈን ምን ታደርገዋለች? ለመጀመሪያ ጊዜ ክብርት የክፍል አለቃን የምትሆነውን ስታጣ አየኋት፤ አንገቷን ዘርግታ ልጁን አየች፣ ደብተሩን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ ደብተሩን ከልጁ አፍ ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ከሃያ ስድስት በታች አንድ መስመር ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። በሰማያዊ ነው።

«27፦ ስቪለን። ወላጁን ይዞ መጥቷል።»

«በሉ፣ ልክ ነን» አለች። «ግቡ።»